ኒየሙይ የተባለበት ምክንያት

ኦፓቱፍ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1957

በቫውብዢህ ከተማ ለሚኖሩት ለተከበሩ ወይዘሮ ሉድቪካ ዛሬምባ፣ ለኒየሙይ ዛሬምባ ሕጋዊ ባለቤት። ስለ ባለቤትዎ ስም አመጣጥና ፍቺ ላቀረቡልኝ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ፣ ከጡረተኛው የላቲን መምህር ከሂየሮኒም ዛሬምባ የተጻፈ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሻማ በሚባረክበት በእመቤታችን በዓል ነው። መልሱን ያዘገየሁት በቸልተኝነት አይደለም። በመልክ አይቻቸው የማላውቅ ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፉልኝ፣ የጤና ነገር እንኳ ሳያነሱ በቀጥታ «ይህ ስም ምን ማለት ነው? ለምንስ አወጡለት?» ብለው መጀመራቸው ጥቂት አስደንግጦኝ ነበር። በእኛ ዘመን ሰው በደብዳቤም ቢሆን በር አንኳኩቶ ነበር የሚገባው። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን ለትምህርት ነው።

ስሙ ከሁለት የፖላንድኛ ቃላት የተገጠመ ነው። የፊተኛው «አይደለም» ማለት ሲሆን የኋለኛው «የኔ» ማለት ነው፤ ሲገጥሙ «የኔ አይደለም» ይሆናል። ድምፁ ስለተቀራረበ ብቻ «ዲዳ» ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ አይስሟቸው። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ «ጀርመናዊ» ከሚለው ቃል ጋር እያገናኙ የሚሳለቁ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እነዚያ መልስም አይገባቸው።

ስሙን እኔ አልፈጠርኩትም። አባቶቻችን ክርስትናን ሳይቀበሉ ይጠሩበት ነበር፤ ከተቀበሉም በኋላ በመሳፍንቱ ዘመን በፍርድ ብራናዎች ላይ የምስክርና የባለርስት ስም ሆኖ ይገኛል። ከእርሱ የተወለዱ የቤተሰብ ስሞች እስከ ዛሬ በአገሩ ሁሉ አሉ። «ያልተወደደ» የሚል ፍቺ ያለውም ስም ነበረ፤ በዚያ ስም የተጠራ ሰው ጋሻ አንግቦ ከመስፍኑ ጎን ቆሟል። እነዚህን ስሞች ያወጡ ወላጆች ልጆቻቸውን የጠሉ ይመስልዎታልን? ስም እንደሚሰማው ብቻ የሚተረጎም ነገር አይደለም።

«ለምን አወጡለት?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄዎ በእኔና በሟች ባለቤቴ በአፖሎኒያ መካከል የቀረ ነገር ነው። አልመልሰውም። ባለቤትዎ ራሱ ማወቅ ቢፈልግ አድራሻዬ አልተለወጠም። በጦርነቱ ማግስት ከቤት ከወጣ ጀምሮ ግን የስሜ ቅዱስ በሚከበርበት ቀን እንኳ አንድ ካርድ ልኮልኝ አያውቅም።

በአክብሮት፣
ሂየሮኒም ዛሬምባ


ቫውብዢህ፣ ማርች 3 ቀን 1957

ለተከበሩ ለአቶ ሂየሮኒም፤

«አባቴ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ፈራሁና ቀደድኩት። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው።

ሳላንኳኳ ስለገባሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ሰፈር በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሰው ባዶ ድስት ይዞ ገብቶ ሞልቶ ነው የሚወጣው። ይኸው አሁን አንኳኳሁ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን የዝይ ስብ ይቀቡትና በሱፍ ይጠቅልሉት፤ የእናቴ መድኃኒት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ፖርሴሊን ፋብሪካ ውስጥ የሳህን ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር አሰምራለሁ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ቀኑን ሙሉ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ስለዚህ ማታ ወሬ ይበዛብኛል።

ስለ ብራናውና ስለ መሳፍንቱ የጻፉትን አነበብኩለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን እየፈታ ሰማኝ። «ባለጋሻው ሰውዬ እኛ ጉድጓድ ገብቶ ቢሆን ያዩት ነበር» አለኝና ሄዶ ተኛ።

እሱ በሚሠራበት የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደሚሉት ልንገርዎ። አንድ ዕቃ ወድቆ ሲገኝ የፈረቃው አለቃ ይጮኻል፤ «ይሄ ፋኖስ የማን ነው?» ሁሉም ባንድ ድምፅ «የኔ አይደለም!» ይላሉ። ያኔ እሱ «አቤት!» ይላል። ፈረቃው በሙሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም።

ለምን እንደጠየቅኩዎት ሳልናገር ጥያቄ መወርወሬ ጥፋት ነበር። በሠርጋችን ዕለት እህትዎ አክስት ፔላጊያ መጥተው ነበር። የቼሪ አረቄው ትንሽ ያዝ ሲያደርጋቸው እጄን ያዙና፣ «እድለኛ ነሽ የኔ ቆንጆ፣ አማት አያስቸግርሽም። አባቱ ገና በጨርቅ እንደተጠቀለለ በጎረቤት ፊት ‹የኔ አይደለም› ብሎ ክዶታል። እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነበር፣ ሰው ነገረኝ አልልሽም!» አሉኝ። እሱም ሰማ። ብርጭቆውን አስቀመጠና «አክስቴ፣ ይሄ እንኳን ለኔ አዲስ ወሬ አይደለም» አላቸው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳገላብጥ ዋልኩ። «ባለቤትዎ» ይላል፤ እንደገና «ባለቤትዎ» ይላል። «ልጄ» የሚል ፈልጌ አጣሁ። ስለ ስሙ ያን ሁሉ የጻፈ ሰው እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ ያመልጠዋል?

ሁለት ልጆች ቀብረናል። ወንዱ ጥምቀቱ ሳይደርስ ሄደ፤ ሴቷ ሳትጮህ ተወለደች። ኒየሙይ ጥፋቱ የስሜ ነው ይላል። «አባቴ የኔ አይደለህም ብሎ የሸኘው ሰው እንዴት የኔ የሚለው ነገር ይቆምለታል?» ይላል። አሁን ሌላ ይዣለሁ፤ በሜይ መጨረሻ ይመጣል። «ወንድ ከሆነ በቀን መቁጠሪያው ላይ በተወለደበት ዕለት የሚከበረውን ቅዱስ ስም ስጪው፤ የኔን ስም ግን እዚህ ቤት እንዳልሰማ» ብሎኛል። ስሙ እርግማን ከሆነ እርግማን ነው ይበሉኝና ልወቀው። ካልሆነም ለሱ ይንገሩት።

እሱ ትንሽ ጉንፋን ይዞታል፤ ያስላል። ሌላ ወሬ የለም።

ሉድቪካ


ኦፓቱፍ፣ ማርች 19 ቀን 1957

ለሉድቪካ ዛሬምባ፤

ሁለት ሕፃናት የቀበረችን እናት እንደ ባዕድ «እርስዎ» እያልኩ ብቀጥል ጨዋነት ሳይሆን ድንቁርና ይሆንብኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ «አንቺ» እልሻለሁ፤ ፈቃድሽ እንደሚሆን አምናለሁ። የልጅ ልጆች እንደነበሩኝ ያወቅሁት መሞታቸው በተጻፈበት መስመር ላይ ነው። የጸሎት ቅዳሴ አስቀድሼላቸዋለሁ። የወንዱን ስም ስላልነገርሽኝ ቄሱ በስም ሳይጠሩት ቀደሱ።

የዝይው ስብ ጠቅሞኛል።

ፔላጊያ የነገረችሽ ውሸት አይደለም። ጎረቤት ቆሞ ሳለ «የኔ አይደለም» ብያለሁ። ምድጃው አጠገብ መቆሟም እውነት ነው። የዚያን ቀን ግን እርሷ ከኩባንያ ሠራተኛ ባሏ ጋር ገና ከከተማ መምጣቷ ነበር፤ የሚሆነውን ለማየት እንጂ ለመጠየቅ ትዕግሥት አልነበራትም።

ከእርሱ በፊት ቴክላና ቪንሴንቲ የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሩን። ሁለቱም መራመድ ሳይጀምሩ ሞቱ። ሦስተኛው ሲወለድ አፖሎኒያ ከአልጋዋ ሳትነሣ የመንደሩ ሴቶች የሚያውቁትን ሥርዓት ጠየቀችኝ። ሞት የለመደው ቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን በመስኮት ለለማኝ ሴት ይሰጣል። ለማኟ ቤቱን ዞራ በበር ትገባና «መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ ነው፤ የማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አባትየው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «የኔ አይደለም፤ ግን እዚህ ይደር» ይላል። ሞት ደጃፉ ላይ ቆሞ የዛሬምባን ልጅ እየጠበቀ ከሆነ፣ እዚህ ቤት የዛሬምባ ልጅ እንደሌለ ሰምቶ ያልፋል። ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ በካህናት እጅ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህ አረማዊነት መሆኑን በግልጽ ነገርኳት። አፖሎኒያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ነበረች። «ሂየሮኒም፣ ሁለቱን በላቲን ቀበርካቸው። ይሄን በኔ ቋንቋ ላኑረው» አለችኝ። እንዲህ ለምትል እናት ምን ዓይነት መልስ ይሰጣል? በመስኮት ተሰጠ። የለማኝ ሴት ጨዋታ ብቻ ሆኖ ከሚቀር ብዬ ስሙን ከብራናው ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ ለዚሁ ጉዳይ የተሠራ የጥንት ስም ነውና። «ያልተወደደ» የተባሉትም «የኔ አይደለም» የተባሉትም እጅግ የተፈለጉ ልጆች ነበሩ። ቄሱ «የዚህ ስም ባለቤት የትኛው ቅዱስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። «እንግዲያስ ማን ይጠብቀዋል?» አለና ቶማሽ ብሎ አጠመቀው። በቤት ግን ማንም ቶማሽ ብሎት አያውቅም።

ሥርዓቱ እስከ መጨረሻው እንዲጸና ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አባት ልጁን በአፉም በጽሑፉም «የኔ» እንዳይለው፣ ልጁም ምክንያቱን እንዳያውቅ። አፖሎኒያ ይህን በመስቀል አስማለችኝ። ጥርስ እስኪያበቅል ወይም ሚስት እስኪያገባ ብትለኝ ገደብ ይኖረው ነበር። ገደብ ሳታበጅለት፣ እርሱ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን ሞተች። ለሞተ ሰው የተገባን ቃል የሚፈታው ማን ነው?

በሥርዓቱ አላምንም፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ወረርሽኙ በመንገዳችን ሲያልፍ፣ ኋላም ጦርነቱ እኩዮቹን ሲያጭድ እርሱ መትረፉን እንደ ማስረጃ አላቀርብም። ግን ተርፏል።

ስለዚህ ጥያቄሽ ተመልሷል፤ ስሙ እርግማን አይደለም። ለአንቺ የነገርኩት መሐላው አንቺን ስላልጠቀሰ ነው። ለእርሱ እንዳትነግሪው አዝሻለሁ።

ሂየሮኒም ዛሬምባ


ቫውብዢህ፣ ሜይ 6 ቀን 1957

አባቴ፤

ዛሬ አልቀደድኩትም።

እንዳዘዙኝ አልነገርኩትም። እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ፋሲካ ላይ የተባረከውን እንቁላል ለሁለት ከፍለን ስንበላ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከእንቁላሉ ጋር ዋጥኩት።

ትንሹ ልጃችን ስቴፋን ነበር። ለቄሱ ይንገሩልኝ።

አሁን ደግሞ የኔን ይቅርታ ይቀበሉ። ጉንፋን አይደለም። ጉንፋን ያልኩት እሱ «አባቴ እንዳይሰማ፤ የሱ ያልሆነ ሰው ቢያስል ምን ይመለከተዋል» ስላለኝ ነው። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን ጨርሶታል። ከማርች ጀምሮ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ የነገረኝን ልጽፍልዎት አልችልም፤ ደብዳቤዬን ተቀምጠው ያንብቡት፤ ነገሩ ይገባዎታል።

ሞት እንዳያገኘው ነው ይሉኛል። አባቴ፣ እኮ አገኘው። በየቀኑ ወንበር ስቤ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ሞት ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሲገባ ስም አልጠየቀም። ታዲያ አሁን የሚደብቁት ከማን ነው?

ለሞተች ሴት የገቡትን ቃል እንደ ሰው ጠብቀዋል፤ ማንም አይወቅስዎትም። እኔም ሴት ነኝ፤ በሕይወት አለሁ፤ የምለምንዎትም እኔ ነኝ። ደብዳቤ ግን አይላኩለት። በወረቀት የመጣ ነገር አያምንም፤ «እሱ መጻፍ መቼ አነሰው» ነው የሚለኝ። መጥተው በአፍዎ ይንገሩት። ሰው ተጠልቶ ኖርኩ ብሎ መሞት የለበትም።

አይጠይቀኝም፤ ግን ፖስተኛው ካለፈ በኋላ እሱ ዘንድ ስሄድ ደብዳቤ ይዤ እንደሆነ ባዶ እጄን ያያል። እኔ ማየቱን እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ እሱም እንዳላየ ይሆናል።

እኔ ወሊድ ክፍል መግቢያዬ ደርሷል። ከገባሁ እሱ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ሉድካ


ኦፓቱፍ፣ ሜይ 24 ቀን 1957

ለሉድቪካ፤

ልመናሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ዝምታዬን እንደ እምቢታ ቆጥረሽው ከሆነ አልፈርድብሽም። በሩቅ ያለ ሰው ዝምታን እንደፈቀደው ይተረጉማል።

መጀመሪያ ወደ ቄሱ ሄድኩ። ይህ ቄስ ወጣት ነው፤ ቶማሽ ብሎ ያጠመቀው ሽማግሌ ካረፈ ቆይቷል። ነገሩን ሰማኝና «አቶ ሂየሮኒም፣ በአጉል እምነት ላይ የተማለ መሐላ ሲጀመርም መሐላ አይደለም። ይሂዱ» አለኝ።

«መስቀል ይዤ ነው የማልኩት» አልኩት።

«መስቀሉ እኮ አፍ ለመዝጋት የተሠራ አይደለም» አለኝ። «እስከዚህ ዕድሜዎ ድረስ ፈተና ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነው የሚመስሉት። ደወሉ ተደውሏል፤ ወረቀቱን ያስረክቡ።»

ባነጋገሩ ተቀይሜ ወጣሁ። ፔላጊያ ዘንድም ሄድኩ። ሠርጉ ላይ ያለችውን ጠቅሼ ስገሥጻት «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩ! አንተ ያላየሁትን ብትነግረኝ ኖሮ እሱንም እናገርልህ ነበር። ምድጃ ዳር ተገትሬ ያንተን ሆድ ላነብ ነው እንዴ?» ብላ ሻይ ሳትሰጠኝ ሸኘችኝ።

ላንቺ ብቻ የምጽፈው ይህ ነው። በሥርዓቱ አላምንም። ቃሉን አፍርሼ «የኔ» ባልኩት ቅጽበት ቢሞት ግን የገደልኩት እኔ እንደምሆን ይሰማኛል። የማላምንበትን ነገር እፈራለሁ። ይህ ለተማረ ሰው አሳፋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እያወቅሁትም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

የምሄድበትን ባቡር ጠይቄአለሁ። ይህ ደብዳቤ እኔን ቀድሞ እንደሚደርስሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሂየሮኒም


ቫውብዢህ፣ ጁን 2 ቀን 1957

ለሉድቪካ ዛሬምባ፣ ለልጄ መበለት። በወሊድ ክፍል።

በአንድ ሆስፒታል ግቢ ሆነን በአስተናጋጇ እጅ የምንጻጻፍ ሆነናል፤ እዚህ ሆስፒታል ወንድ ወደ ወላዶች እንዳይገባ ደንብ አለ። ከትናንት በስቲያ ሕፃኑን በመስኮት ስታሳዪኝ ግቢው ውስጥ ካሉት ባሎች ጋር ቆሜ አይቼዋለሁ። ሁሉም ወደ ላይ እየጮኹ ያወሩ ነበር፤ እኔ መጮህ አልቻልኩም። ነርሷ ቀድማ ስለነገረችሽ የኒየሙይን ሞት ከእኔ አልሰማሽም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ነገ ይቀበራል። ቫውብዢህ ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ ግን የጉድጓዱ ሰዎች ሬሳውን እንደሚሸከሙና የማርሽ ሙዚቀኞቻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። በመቃብሩ መስቀል ላይ ኒየሙይ ተብሎ እንዲጻፍ አዝዣለሁ፤ ቶማሽ የሚለው ከሥሩ ይሆናል። አንቺ የምትቃወሚ ከሆነ እስከ ነገ ጠዋት ላኪብኝ።

በላክሽልኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፍሽው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን አለ? መብትሽ ነው።

ትናንት ጠዋት ነበር። በሩ ላይ ቆሜ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ እጅግ ከስቶ ነበር። ከጎኑ የተኛው አሎይዚ የሚባል የጉድጓድ ሰው አየኝና «ኧረ ኒየሙይ! ተነሣ፣ ሚኒስትር የሚመስል ሰው ባርኔጣ ደፍቶ መጥቶልሃል። የማን ነው ይሄ ሽማግሌ?» አለ።

እርሱ ዐይኑን ሳይገልጥ «የኔ አይደለም» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው የሁሉም ሳል ሆነ። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ እስኪረጋጉ ጠበቅሁ። ከዚያ «ልጄ» አልኩት። በሕይወቴ ስንት ጊዜ በሌሎች ልጆች ላይ የተጠቀምኩበት ቃል ነው፤ ካፌ ሲወጣ ግን ገና የምማረው ቋንቋ መሰለኝ። አሎይዚ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኒየሙይ ዐይኑን ገለጠ። «ማንን ነው?» አለኝ።

«አንተን።»

ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ መስኮቱን፣ ለማኟን ሴት፣ ቴክላንና ቪንሴንቲን፣ እናቱ ያለችኝን፣ መስቀሉን። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ «እማዬ ናት ያስማለችዎት?» አለኝ።

«እርሷ ናት።»

«እርስዎስ ያምኑበት ነበር?»

«አላምንበትም ነበር።»

«ሳያምኑበት… እኔ ያን ሁሉ ዘመን…»

«ቃል ነበረብኝ» አልኩት።

ውኃ አጠጣሁት። ወንድ ልጅ እንደተወለደለት፣ በመስኮት እንዳየሁትና እጁን እንደሚያወራጭ ነገርኩት። ስም ምን ይባል ስለው «ሉድካ ትስጠው፤ የሰጠችውን ግን ለምን እንደሰጠችው በዚያው ቀን ትንገረው» አለኝ። እኔ በዚህ ላይ ምክር የለኝም፤ ስሙ ያንቺ ነው።

ከዚያ እጄን ያዘ። ተማሪዎቼ ሲተረጉሙ ከጽሑፉ ላይ እንዳይጨምሩም እንዳይቀንሱም ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጣ ኖሬአለሁ፤ ስለዚህ የተናገረውን ሳላለሰልስ እጽፍልሻለሁ። በድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። እንዲያውም የሚያጽናናኝ ይመስል ነበር። ከዚህ ቃል በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገረም። እንዲህ አለኝ፦

«ሞትስ አልተታለለም፣ አባባ። የተታለልኩት እኔ ብቻ ነኝ።»